አራተኛው «የላትም»

«አንጎል የላትም እኮ! አንጎል የሌላት ፍጥረት ለሰው ማስታወስን ከየት አምጥታ ትሰጣለች?» ብዬ ጮህኩ።

«አትጩህ፤ አባትህ ጆሮው ደህና ነው፤» አለች ታላቅ እህቴ። የክኒኑን ጠርሙስ ከጠረጴዛው አንስታ፣ የምነጥቃት ይመስል ደረቷ ላይ አቀፈችው።

አባታችን በመሃላችን ተቀምጧል። ኮቱን ለብሷል፣ ጃንጥላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሟል፤ የሆስፒታሉ የቀጠሮ ካርድ ፊቱ ተቀምጧል። የጠራሁት ባጃጅ ሞተሩን ሳያጠፋ ደጅ ይጠብቃል። ቀጠሮው ሦስት ሰዓት ነው፤ ሁለት ተኩል አልፏል።

እህቴ ሺሺንዳ ከተማ ባለ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። ጠርሙሱን ከአንድ የቴሌግራም ነጋዴ ገዝታ ያመጣችው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ላዩ ላይ ጄሊፊሽ የምትባለው የባሕር ፍጥረት በሰማያዊ ተስላበታለች። ፍሬው ከእሷ በሚገኝ ነገር የተሠራ ነው፣ ሦስት ወር ሳያቋርጡ ከዋጡት የጠፋ ትዝታ ይመለሳል፣ ብሏታል ነጋዴው። ስለዚህ ሐኪሙ ሦስት ወር ይቆይ ትላለች።

ጊዜው ሁዳዴ ስለነበር፣ ቤታችን ብቅ ያለ ጎረቤት ሁሉ ጠርሙሱን እያገላበጠ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ ነበር፤ የጾም ነው የፍስክ? አንዷ እትዬ ከባሕር እስከመጣ ድረስ እንደ ዓሣ ነው አሉ። ሌላዋ ዓሣስ ቢሆን ማን ፈቀደልን ብለው ተቆጡ። ፕሮቴስታንቱ ጎረቤታችን «ካስቸገራችሁ እኔ ልዋጥላችሁ» ብሎ አሳቀን። ይሠራል ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

እኔ ፈርቼ ነበር። ከወር በፊት የድሮ ባልደረባው ሚስት ሞተችና አባቴ ቢታ ገነት ድረስ ሄዶ አልቅሶ ተመለሰ። በማግስቱ ጠዋት ጥቁር ኮቱን ለብሶ በር ላይ አገኘሁት። «ለቅሶው ላይ ሳልደርስ ልቀር ነው፤» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ትናንት ያለቀሰውን ሐዘን እንደ አዲስ ጀምሮታል።

ለማንም ያልነገርኩት ሌላ ፍርሃትም ነበረኝ። ግጥም የምሠራው እየተራመድኩ፣ በጭንቅላቴ ነው፤ ወረቀት ላይ የማሰፍረው ካለቀ በኋላ ነው። በዚያው ሰሞን ከመናኸሪያ ጀምሮ ስቋጥረው የመጣሁት ግጥም፣ ቤት ስደርስ የለም። አንድ ቃል እንኳ አልቀረም።

አባቴ የባዮሎጂ መምህር ነበር፤ እኔንም እህቴንም አስተምሮናል። ባሕር አይተን አናውቅም፣ እሱም አላየም። ዝናብ በማያቋርጥባት ከተማችን ቦንጋ ግን ጃንጥላ የማይዝ መምህር የለምና፣ ጄሊፊሽ እንዴት እንደምትዋኝ ጃንጥላውን እየከፈተና እየዘጋ ያሳየን ነበር። በእያንዳንዱ መክፈትና መዝጋት እኛ በአንድ ድምፅ የጎደላትን እንጠራለን፤ አራት «የላትም» ነበሩ። ግጥም የሚባለውን ነገር መጀመሪያ የሰማሁት እዚያ ይመስለኛል።

«አንተው ነህ ያስተማርከን፤» አልኩት። «የበላነው ሥጋ ሆዳችን ውስጥ በሬ ሆኖ አይነሳም አላልክም? ይሄም ሆድ ከገባ እንደ ሽሮው ተፈጭቶ ነው የሚቀረው።»

«እንደዚያ ብያለሁ?» አለ አባቴ።

ልረታበት ያወጣሁት ነገር እኔኑ መልሶ መታኝ። «ብለሃል፣ ቲቸር፤» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ጥሩ ብያለሁ፤» አለና ፈገግ አለ።

«አየህ? ቀልዱ ተመልሷል፤» አለች እህቴ። «ሁለት ሳምንት ስለዋጠ ነው።»

«ነጋዴሽ እንኳ እንዲህ አልዋሸም።»

«አንተ ገጣሚ ነህ ወይስ ሐኪም?»

«ዝም በሉ!» አባቴ በጃንጥላው ጫፍ ወለሉን መታ። ሲናደድ እንደሚያደርገው በካፊኖኖ ጀምሮ በአማርኛ ጨረሰ። «ተፈታኙ እኔ ነኝ። አራቱን የላትም ከጠራሁ ጠርሙሱን እጨርሳለሁ። ካልጠራሁ ሆስፒታል እሄዳለሁ።»

ተነስቶ ጃንጥላውን ቤት ውስጥ ከፈተው። «አንጎል የላትም።» ዘጋው፤ ከፈተው። «ልብ የላትም።» ዘጋው፤ ከፈተው። «አጥንት የላትም።» ዘጋው። እንደገና ከፈተውና እዚያው ቀረ።

ባጃጁ ጡሩምባ ነፋ። «ጋሼ! ሰዓቱ ሄደ!» አለ ሹፌሩ ከደጅ።

«ንገረኝ፤» አለኝ አባቴ። አፌን ከፈትኩ። ስንት ዓመት ስጮኸው የኖርኩት ቃል የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። እጄ ሳላዘው ወደ ስልኬ ሄደ።

«ስልኩን ተው። አንተም?» አለኝ።

«ደም፤» አለች እህቴ፣ ጠርሙሱን እንዳቀፈች። «ደም የላትም።»

አባቴ ጃንጥላውን ቀስ ብሎ ዘጋ።

«እንደማይሠራ ካመጣችው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ፤» አለ። «ግን ጠርሙሱ ሦስት ወር ይሰጠኝ ነበር። የበሽታዬን ስም ሳልሰማ ሦስት ወር። ለእኔ ብቻ ቢሆን እውጠው ነበር።» ካርዱን ኮቱ ኪስ ከተተ። «አሁን ግን ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ እንደሆነ መጠየቅ አለብኝ።»

«አብሬህ ልሂድ።»

«ቁጭ በል። አንተ ፊት አልጠይቅም።» ወደ እህቴ ዞረ። «አንቺ ነይ። ሐኪሙ የሚለኝን የምትይዝልኝ አንቺ ነሽ።»

እህቴ ጠርሙሱን ፊቴ አስቀምጣ ተከተለችው። እሱ ወደ ኋላ ሳይዞር ወጣ። እሷ የቆርቆሮውን በር ሳበችው፣ ተዘጋ።