የእናቴ ድቤና የጣሊያኑ ካሴቶች

ኪቦርድ የገዛሁት ደርግ በወደቀ በስምንተኛው ዓመት ነው። ያኔ ጎንደር ውስጥ ኪቦርድ የሌለበት ሰርግ ሰርግ ተብሎ መጠራቱ እየቀረ ነበር። አባቴ ከአያት ከቅድመ አያቱ የወረሰውን የጨርቅ ንግድ ትቼ ወደ ሙዚቃ ማዘንበሌ ስላልጣመው ለሳምንታት አኮረፈኝ። እናቴ ግን አላኮረፈችም። እሷ ራሷ በሰፈራችን ሙስሊም ሴቶች ዘንድ የታወቀች ድቤ መቺ ነበረች። ልጅ የምትድር እናት ድንኳን ከመከራየቷ በፊት እናቴን ታነጋግራለች። ድቤውን ጭኗ ላይ አጋድማ በሁለት እጇ መምታት ስትጀምር ሴቶቹ የያዙትን እየጣሉ ይሰበሰባሉ። ግጥሙን የምታወጣውም፣ የምታፈጥነውም፣ የምታበርደውም እሷ ናት።

የእኔ ኪቦርድ ደግሞ የራሱ ከበሮ ነበረው። አንድ ቁልፍ ስጫን ይጀምራል፤ አይደክመው፣ አይፈጥን፣ አይዘገይ። መጀመሪያ በተጫወትኩበት ሰርግ ላይ እናቴ ድቤዋን ይዛ መጣችና ከማሽኑ ጋር ለመምታት ሞከረች። ሴቶቹ ሲሞቃቸው እሷ ትፈጥናለች፣ ማሽኑ ግን ባለበት ነው። ምቱ ተጋጨ፤ ጨፋሪው እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ጠፋው። ያኔ ጎንበስ ብዬ፣ «እማ፣ ለጊዜው ተይው» አልኳት። ድቤውን ከጭኗ አውርዳ በሻሿ ሸፈነችው። ከዚያ በኋላ እኔ ወዳለሁበት ሰርግም ሆነ ወደ ሌላው የምትሄደው እንደ ማንኛዋም እንግዳ ሆነ።

ጣሊያኑን ያወቅኩት በሁለተኛው ዓመት፣ ቀሐ አካባቢ በተደረገ ሰርግ ላይ ነው። የነገሥታቱን ግንብ ሊጠግኑ ከመጡት ግንበኞች አንዱ ነበር፤ ሃምሳ የሞላው፣ አጭር፣ ጣቶቹ በኖራ የተሰነጣጠቁ ሰው። የሙሽራውን አባት ቤት ተከራይቶ ስለሚኖር ተጠርቶ መጥቷል። ከምሳ በኋላ አጠገቤ መጥቶ ቆመና እጆቼን አየ፤ ከዚያ ዙሪያዬን አየ።

«ከበሮውን የሚመታው ማነው?» አለኝ።

«ማሽኑ ነው» አልኩት ኮራ ብዬ።

«ምነው? ከበሮ መቺ ጠፋ?»

«ምነው» ያላትን ቃል አብረውት ከሚሠሩት የአገራችን ግንበኞች እንደለመዳት ገባኝ፤ አነጋገሩ የላይ አርማጭሆ ገበሬ ይመስል ነበር። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ሙዚቃ እንደሚወድ ነግሮኝ እሁድ ጠዋት ቤቱ እንድመጣ ጋበዘኝ።

ስሄድ አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት ጠበቀኝ። እርስዎ ስለው «አንተ በለኝ» አለና አንዱን ካሴት ቴፑ ውስጥ ከተተ። መጀመሪያ የተሰማው ከበሮና ቤዝ ጊታር ብቻ ነበር። ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ፒያኖ ገባ፤ በራዲዮ የምሰማው ዓይነት ጃዝ ነው አልኩ በልቤ። ጊታሩ ሲገባ ደግሞ ሮክ ሆነ። አሁንስ ገባኝ ስል ከመሃል ክላሪኔት ተነሳ። የያዘው ዜማ የየት አገር እንደሆነ አላውቅም፤ የሰርግ ዜማ እንደሆነ ግን ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩ። በመጨረሻም አንድ ሰው ያለ ቃል መዝፈን ጀመረ። አንዲት ድምፅ ይዞ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ሲያወጣት የሰው ይሁን የመሣሪያ ለመለየት ጆሮዬን አቀናሁ።

በእግሬ ልከተለው ሞከርኩ። በአራት ቆጠርኩ፤ አመለጠኝ። በስድስትም አመለጠኝ።

«ስንት ነው?» አልኩት።

«ሰባት። ቀጥሎ ያለው አሥራ አንድ ነው።»

እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ስድስት ሰዎች በአሥራ አንድ እየቆጠሩ ያለ ምንም ጭንቀት ሲሮጡ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲመለስ፣ ሁሉም እኩል ሲያርፉ ሳዳምጥ በሥራዬ መኩራቴ ትንሽ አሳፈረኝ።

ጣሊያኑ በወጣትነቱ እንዲህ ባለ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወት ነበር። ባንዱ ዝና ሳያገኝ ፈርሷል፤ እሱም ወደ አባቱ የግንበኝነት ሙያ ተመልሷል። ታሪኩን ሲነግረኝ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ነበር።

«የአሜሪካኖቹን ጃዝና ሮክ ልቅም አድርገን ቀዳን» አለኝ። «አንድ ቀን መሪያችን ልምምድ አስቆመና፣ ‹ይህንን እነሱ ከእኛ የተሻለ ይጫወቱታል። እኛ ብቻ የምናውቀው ምንድን ነው?› ብሎ ጠየቀን። ሌሎቹ ባንዶችም ይህንኑ እየጠየቁ ነበር። ስለዚህ ቴፕ ተሸክመን ወደ ደቡብ ገጠር ወረድን።»

እዚያ ያገኙትን ዘረዘረልኝ፦ ከፍየል ቆዳ የተሠራ በክንድ እየታቀፈ የሚነፋ መሣሪያ፣ ማንዶሊን፣ የዓሣ አጥማጆች ዘፈን። ባሕሩን ተሻግሮ ከግሪክ፣ ከአረብና ከባልካን አገር የመጣ ዜማ ሁሉ በየወደቡ ቀርቶ ነበር። ጊታር ተጫዋቹ ጊታሩን እንደ ፍየል ቆዳው ለማስጮህ ወራት እንደፈጀበት ሲነግረኝ ዓይኑ ያበራ ነበር። ሁለት ካሴት አውሶኝ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ እናቴ የአስር ሶላቷን ሰግዳ በስፌት መኪናዋ የጨርቅ ጠርዝ ትሰፋለች። ካሴቱን ከፍቼ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። በካሴቱ ሁለተኛ በኩል የሚጫወተው ባንድ ራሱ ከገጠር የቀዳው አንድ ዘፈን ነበር፤ ጠፍጣፋ ከበሮ ብቻውን ይመታና የመንደሩ ሰዎች ድምፅ ይከተለዋል። የስፌት መኪናው ቆመ። ቀና ስል የእናቴ ጣቶች የመኪናው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ከካሴቱ ጋር እኩል ትመታለች።

«ይህቺ ሴት ሸጋ እጅ አላት» አለች።

«ከበሮውን የምትመታው ሴት መሆኗን በምን አወቅሽ?»

«ወንድ ይቸኩላል።»

ዘፈኑ አለቀና ባንዱ ራሱ ዜማውን ተቀብሎ በጊታርና በፒያኖ ቀጠለ። ምቱ ወደ ሰባት ዞረ። ጠፋባት ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን አንዴ ብቻ ተሰናክላ ወዲያው ያዘችው።

«እማ፣ እንዴት ነው የምትቆጥሪው?»

«ምኑን ነው የምቆጥረው? ዜማው የሚያርፍበት ቦታ አለ፤ አብረኸው እረፍ። ስትቆጥር ያመልጥሃል።»

በሚቀጥለው እሁድ ጣሊያኑን ይዤው መጣሁ። እናቴ ድቤዋን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደች። ከዓመት በላይ እዚያ መቀመጡን ያን ቀን ነው ያየሁት። ጣሊያኑ አዳመጠ፤ ከዚያ ድቤውን ተቀብሎ በአገሩ እንዴት እንደሚመታ በአውራ ጣቱ ሊያሳያት ሞከረ።

«እጁ ድንጋይ ለምዷል፤ ቆዳ አያውቅም» አለችኝ ቀስ ብላ። ተረጎምኩለት። ሳቀና ድቤውን መለሰላት። ከዚያ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። ሲናገር የሚያየው ወለሉን ነበር።

«ንገራት» አለኝ በእንግሊዝኛ። «ባንዳችን ከበሮ የሚመቱ አሮጊቶች ፍለጋ ገጠር ለገጠር ሲዞር እናቴ ቤታችን ውስጥ ትመታ ነበር። ከመንደራችን ሴቶች የሚስተካከላት የለም። እኔ ግን ለጓደኞቼ አልነገርኳቸውም። የከተማ ልጆች ስለነበሩ አፈርኩባት። የሰው እናት ቀዳን። የእኔን ሳንቀዳት ሞተች።»

ቃል በቃል ተረጎምኩላት። እናቴ ወደ እኔ አላየችም። «አላህ ይማራት» አለች፣ ክርስቲያን መሆኗን እያወቀች። ከዚያ ተነስታ ምሳ አቀረበች።

እሱ ከሄደ በኋላ፣ «እማ፣ አብረን ብንሠራስ?» አልኳት። ይቅርታ መጠየቄ ነበር። ገብቷታል መሰለኝ፣ «እስቲ እናያለን» አለችኝ።

ያሰብኩትን ያህል ቀላል አልሆነም። የማሽኑን ከበሮ አጥፍቼ ከእናቴ ጋር መጫወት ስጀምር ነገሩ ሁሉ ሸካራ ሆነ። እሷ ስትፈጥን እኔ እዘገያለሁ። እናቴ የምታወጣው ዜማ በኪቦርዴ ሁለት ቁልፎች መካከል ያርፋል፤ በግራ እጄ የምደራርበው ድምፅ ያንን ያፍነዋል። ብዙ ከሞከርን በኋላ፣ «ዝም ስትል ደስ ይላል» አለችኝ፤ ልታስከፋኝ ብላ አይደለም፣ እውነቷን ነው።

ወደ ጣሊያኑ ሄጄ ተማረርኩ። «ግራ እጅህን ኪስህ ክተት» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ነበር። ካሴቱን ከፍቶ ፒያኖውን ብቻ እንድከተል አደረገኝ። ያኔ ነው ያስተዋልኩት። ያ ሁሉ ችሎታ ያለው ሰው ክላሪኔቱ ሲገባ መጫወቱን ሊተው ምንም አይቀረውም። እዚህ አንዲት ድምፅ፣ እዚያ አንዲት ድምፅ ጣል ያደርጋል። የሰርግ ዜማ ጃዝ ላይ መለጠፍ ማንም ያውቅበታል። እነዚህ ሰዎች ግን ለእንግዳው ቦታ ለቀው ራሳቸው ጠበብ ብለው ተቀምጠዋል። እስከዛሬ ስለ እነዚያ ባንዶች ሳስብ ከፍጥነታቸው ይልቅ ይህ ጨዋነታቸው ነው የሚደንቀኝ።

እውነትም ግራ እጄን ኪሴ ከትቼ ሁለት ወር ተለማመድን።

የመጀመሪያው ሰርጋችን ትክል ድንጋይ ከተማ የሚነግዱት የአባቴ ዘመዶች ልጃቸውን ሲድሩ ነው። በየሰርጉ አብሮኝ የሚዘፍነው ጓደኛዬ መኪና ውስጥ ሳለን ሳይቀር ለመነኝ፤ «ማሽኑን እንደ ወትሮው ክፈተው፣ ሰው ይስቅብናል» አለ። አልከፈትኩትም። እናቴ ፊት ለፊት፣ እኔ ከጎኗ ተቀመጥን። ስንጀምር ድንኳኑ ቀዘቀዘ። ሰዉ የለመደው ጩኸት ጠፋበት።

አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው፣ «ምነው ልጄ፣ ዕቃህን አመመው?» አሉኝ።

«የለም አያ፣ ደህና ነው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አለ?»

«እናቴን እየሰማ ነው» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀመጡ።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ የሙሽሪት አክስት ከጓዳ ወጣች። እጇን እንኳ አልጠረገችም። እናቴን ስታይ ግጥም ወረወረችላት፤ እናቴ መለሰችላት። ሌሎች ሴቶች ተከተሉ። እናቴ ምቱን አፈጠነች፤ እኔም በአንድ እጄ አብሬያት ፈጠንኩ፤ ደግሞ ስታበርደው አብሬያት በረድኩ። ሲቀባበሉ ዝም አልኩ፤ ሲያርፉ ከካሴቱ የለመድኳትን ዓይነት አጭር ዜማ ጣል አደረግሁ። ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ተነስተው ትከሻቸውን ሲሰብቁ አየሁ። አባቴ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆሞ ነበር። እኔ ስጫወት ቆሞ ሲያዳምጥ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሁሉ ነገር ተቃና ማለቴ አይደለም። ዘፋኙ ጓደኛዬ በወሩ ሌላ ባንድ ገባ። ፒያሳ አካባቢ ያሉ ወጣቶች ሰርጋቸው ላይ የሚፈልጉት ያንኑ ማሽን ነበር፤ እኔም እንጀራዬ ስለሆነ እሱንም እሠራ ነበር። ነገር ግን ልጅ የሚድሩ እናቶች መጥተው፣ «ያ የድቤውን ነው የምንፈልገው» የሚሉኝ በዓመት አንድ ሦስት አራት ጊዜ አይጠፋም። ያኔ ከእናቴ ጋር ቁጭ ብለን ምን እንደምናወጣ እንማከራለን። ከዚያ በፊት ከእናቴ ጋር በሥራ ተማክረን አናውቅም ነበር።

ጣሊያኑ ግንቡ ሲያልቅ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሊሰናበት ሲመጣ እናቴን አስፈቅዶ አንድ ሙሉ ካሴት ድቤዋን ቀዳ። የካሴቶቹን ካርቶን ለእኔ ተወልኝ።

ካሴት ቀርቶ ሁሉም ነገር ስልክ ውስጥ በገባበት ዘመን ከእነዚያ ባንዶች አንዱን ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት። እናቴ ትከሻዋን ስለሚያማት ድቤውን ለእህቴ ካወረሰቻት ሁለት ዓመት ሆኗታል። ስልኩን ዓይኗ አጠገብ ያዝኩላት። ሰዎቹ አርጅተዋል፤ ፀጉራቸው ነጭ ነው፤ ክላሪኔት የሚነፋው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቢሆንም በዚያው በሰባት እየተቀባበሉ ይሮጣሉ። እናቴ እስከ መጨረሻው አየች።

«ማሻአላህ» አለች፣ «ስንት ዓመት አብረው ተቀመጡ።»