ጎረቤት ሳይመሰክር የማይከፈት በር

ሰፈሩ «ጠርጥር» እያለ ይጠራዋል። ቅጽል ስሙ የወጣለት «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይገኛል ስንጥር» ከሚለው ተረት ነው፤ እሱም ስያሜውን እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ ማዕረግ ተቀብሎታል። ሙያው ቁልፍ ሠሪነት ነው። በሁለት ሱቆች መካከል እንደ ሽብልቅ በተሰካች ጠባብ ክፍሉ ውስጥ ቁልፍ ይቀርጻል፣ የደከመ ጓጉንቸር ያድሳል፣ በር የተቆለፈበት ሰው ሲጠራው መሣሪያውን አንግቶ ይሄዳል። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉት ያልተቀረጹ ቁልፎች ነፋስ ሲነካቸው ይንሿሿሉ፤ እሱም በተንሿሹ ቁጥር ቀና ብሎ ደጃፉን ይቃኛል።

የማያጥፈው አንድ ሕግ አለው። የተቆለፈ በር ከመክፈቱ በፊት አንድ ጎረቤት ቀርቦ «አዎ፣ ይህ ቤት የዚህ ሰው ነው» ብሎ መመስከር አለበት። ዝናብ ቢዘንብ፣ ባለቤቱ ቢለምን ወይም ቢሳደብ፣ ጎረቤት ሳይመጣ ካቻቪቴው ከቦርሳው አይወጣም። አንድ ጊዜ የገዛ አማቱን ደጃፏ ላይ አቁሞ ጎረቤት አስጠርቷል። «አማትህን አታውቃትም እንዴ?» ሲሉት፣ «እሷን አውቃታለሁ፤ ከበሩ ጋር ግን አልተዋወቅንም» አለ። አማቱ ከዚያ ወዲህ ቁልፏን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትኖራለች።

ሕጉ መልካም ሕግ ነበር። ሰውዬው ግን ለበር የሚገባውን ጥርጣሬ በር ላይ ትቶት አይመለስም፤ ይዞት ወደ ገበያ፣ ወደ ጓደኛ፣ ወደ ማዕድ ይገባል። ዝገት የሚያርፍበትን ብረት እንደማይመርጥ ሁሉ፣ ልማድ የሆነ ጥርጣሬም ጥፋተኛውን ከንጹሑ አይለይም።

ከመንገዱ ማዶ፣ እሱ ራሱ እጁን ይዞ ሙያ ያስተማረው ሰው ሱቅ ከፍቷል። ሰዎች ቁልፍ ሠሪን ደጅ ለደጅ መጠየቅ ትተው በስልካቸው መፈለግ ከጀመሩ ወዲህ፣ ከዝርዝሩ አናት የሚወጣው የማዶው ሱቅ ሆነ። የጠርጥር ሱቅ ከነጭራሹ አይታይም።

«ከፍሎ ነው» አለ ጠርጥር ለሚስቱ።

«ለማን?»

«ለሚከፈለው ነዋ!»

ሚስቱ ከዚህ በላይ አልጠየቀችም። ይልቁንም ለትንንሽ ንግዶች የኢንተርኔት ማስታወቂያ የምትሠራውን የእህቱን ልጅ ጠራችለት። ልጅቱ መጥታ ኮምፒውተሯን ከቁልፍ መቅረጫው ማሽን አጠገብ አሳረፈች።

«አጎቴ፣ አንደኛ አደርግዎታለሁ የሚል ሰው ከመጣ ያባርሩት» አለች። «‹ማስታወቂያ› ተብሎ ከላይ የሚወጣው ይከፈልበታል። ከሥሩ ያለው ተራ ግን በገንዘብ አይገዛም።»

«በምን ይገዛል ታዲያ?»

«ፈላጊው በሚጠቀምበት ቃል በመናገር። ሰሌዳዎ ላይ ምንድን ነው የጻፉት?»

«‹የቁልፍና የብረት መዝጊያ ጥበብ ሥራ›።»

«እሺ፣ ሰውዬው በር ተቆልፎበት ውጭ ብርድ እየመታው ‹የብረት መዝጊያ ጥበብ› ብሎ ይጽፋል? ‹በር ተቆልፎብኛል› ነው የሚለው።»

ጠርጥር ቀና ብሎ የገዛ ሰሌዳውን በጥርጣሬ አየው።

ልጅቱ ሱቁን ካርታ ላይ አስቀመጠችለት። አድራሻውን፣ የሥራ ሰዓቱንና ስልኩን በየቦታው አንድ ዓይነት አድርጋ ጻፈች፤ ደጃፉን ፎቶ አነሳች። በመጨረሻም ደንበኞቹ አስተያየት እንዲጽፉለት እንዲጠይቅ መከረችው።

«ለምኜ ያገኘሁት ምስጋና ነው ወይስ ምጽዋት?» አለና እምቢ አለ። እሷም ዝም አለች። ያ ዝምታ መጠርጠር የነበረበት ዝምታ ነበር፤ እሱ ግን በዚያ ሰዓት ዓይኑ ማዶ ነበር።

ሱቁ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ፤ ስልኩም መጮህ ጀመረ። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። ጠርጥር ግን የደወለውን ሁሉ «ማን ላከህ?» እያለ ይመረምር ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብሱ የጸዳ፣ አነጋገሩ የታረመ ሰው ፎቅ ቤት ድረስ ጠራው። ደረጃውን ወጥቶ ቦርሳውን አስቀመጠና እንደ ልማዱ «ጎረቤት ይጥሩልኝ» አለ።

«የምን ጎረቤት? ስለ አንተ የተጻፈው ሌላ ነው እኮ!» ሰውዬው ስልኩን ወደ እሱ ዘረጋ።

ከሱቁ ስም ሥር አምስት ኮከብ በርቷል። ከኮከቦቹ ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ «በር ተቆልፎብኝ ተቸግሬ ነበር። ምንም ሳይጠይቅ በአንድ አፍታ ከፈተልኝ። እጁ ይባረክ!»

ጠርጥር ሁለት ጊዜ አነበበው። ዕድሜውን ሙሉ የገነባው ስም በአንድ ዓረፍተ ነገር ተገልብጦ፣ ምን ዓይነቱን ሰው እንደሚጠራ ፊቱ ቆሞ አየው። ዞሮ የጎረቤቱን በር አንኳኳ። በሩ እስኪከፈት ሰውዬው ደረጃውን እየተንደረደረ ወርዶ ነበር።

አንዲት አሮጊት በበሩ ክፍተት ብቅ አሉ። «የዚያ ቤት ሰዎች መንገድ ሄደዋል» አሉ። ከዚያም ቦርሳውን፣ መሣሪያውን፣ ፊቱን በየተራ አዩ። «አንተስ ማነህ?»

ቁልፍ ሠሪ መሆኑን ተናገረ። እሳቸውም በሩን ሳያሰፉ «እሱንማ አየሁ» አሉት። የሚመሰክርለት ጎረቤት አልነበረውም። አንገቱን ደፍቶ ወረደ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ማዶው ሱቅ ገባ። ደንበኞች ተሰልፈዋል።

«ስሜን ልታጠፋ ነው የጻፍከው! ያበላህን እጅ ነከስክ!»

የቀድሞ ተማሪው የያዘውን ቁልፍ በሞረድ መሳሉን አላቋረጠም። ጽሑፉን ሲያሳየው ግን አንብቦ ፈገግ አለ።

«ጋሼ፣ እኔ ስምዎን ላጠፋ ብነሳ ‹ቀርፋፋ ነው› ብዬ ነበር የምጽፈው። እሱን ሁሉም ያምነኛል።» ሰልፈኞቹ ሳቁ። «‹ምንም ሳይጠይቅ ከፈተ› ብል ግን ሰፈሩ ይስቅብኛል። እኔ ራሴ እስከ ዛሬ ጎረቤት ሳልጠራ በር አልከፍትም፤ ከማን የተማርኩት ይመስልዎታል? ይህን የጻፈው እርስዎ በር ላይ ሲሠሩ አይቶ የማያውቅ ሰው ነው።»

ጠርጥር መንገዱን ሲሻገር ያ ቃል ተከተለው። ሥራውን አይቶ የማያውቅ፣ ግን ሱቁ ከዝርዝሩ አናት እንዲወጣ የሚፈልግ። እንዲህ ያለ ሰው ማዶ አልነበረም።

ቤት ሲደርስ የእህቱ ልጅ ከሚስቱ ጋር ተቀምጣለች። ስልኩን ፊቷ አስቀመጠው።

«እኔ ነኝ» አለች፤ ቢያንስ አላስለፈለፈችውም። «ሦስት ብቻ ናቸው። እርስዎ ሰው አልጠይቅም ስላሉ፣ መነሻ እንዲሆን ብዬ። ሁሉም ያደርገዋል። ሰው ደግሞ የሚፈልገው ፍጥነት ነው።»

«ሌባም የሚፈልገው እሱኑ ነው።» ድምፁን አላነሳም። «እኔ ለእያንዳንዱ በር እውነተኛ ምስክር እጠራለሁ። አንቺ በእኔ በር ላይ ሐሰተኛ ምስክር አቆምሽ።»

ልጅቱ አቀረቀረች። ሚስቱም «አንተም ሰውዬ፣» አለች፣ «መንገዱን ሁሉ ስትጠረጥር ከርመህ ማዕድህን ረሳህ።»

ሦስቱም ጽሑፎች ተሰረዙ። «ወደ ታች እንወርዳለን፣ አጎቴ» አለች ልጅቱ። «እንውረድ» አላት። ከዚያ ሕጉን በራሱ አፍ እንዲነግራት ጠይቃ፣ መጀመሪያ መጻፍ የነበረባትን ጻፈች፦ «በር ተቆልፎብዎታል? እንመጣለን። ጎረቤት ካልመሰከረ ግን አንከፍትም።» ከማጭበርበር ይልቅ ይህን ለመጻፍ የወሰደባት ጊዜ ያነሰ ነበር። ያጠፋችው ሰውዬውን ሳትጠይቅ ስለ ሰውዬው መናገሯ ነው፤ እሱም በማዶው ሰው ላይ ያጠፋው ያንኑ ነበር።

በማግስቱ ሱቁን ሳይከፍት ማዶ ተሻገረ። የቀድሞ ተማሪው ብቻውን ነበር፤ ጠርጥር ደፉ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የትናንቱ... ያልሆነ ነገር ነው የተናገርኩህ። የጻፈችው የእህቴ ልጅ ናት።»

ባለሱቁ ሞረዱን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ የሰደቡኝ በሰው ፊት ነው። ይቅርታው ለብቻዬ ነው?»

ጠርጥር ተናዶ ሊመለስ ግማሽ ዞረ። ዞሮም ቆመ። ስንቱን ሰው በራሱ ደጃፍ ላይ እንዲህ አቁሞ እንዳስጠበቀ ትዝ ሳይለው አልቀረም፤ ወደ ቦታው ተመለሰና የበሩን ጉበን ተደግፎ መንገዱን ይመለከት ጀመር። አንድ ሰው አለፈ፣ አልገባም። ሌላው ሰዓት ጠይቆ ሄደ። ባለሱቁ ወንበር አላቀረበለትም፣ እሱም አልጠበቀም።

ኋላ አንዲት ሴት የተሰበረ ጓጉንቸር ይዛ መጣች፤ በሩን የዘጋባትን ሰው አይታ ግራ ተጋባች።

«እመቤቴ፣ አንዴ ይስሙኝ» አላት ጠርጥር። «ትናንት እዚህ ቆሜ ይህን ሰው ስሙን አጥፍቼዋለሁ። ንጹሕ ነው። ተሳስቻለሁ።»

ሴትዮዋ አንዴ እሱን፣ አንዴ ባለሱቁን አየች። «እሺ፣ ሰምቻለሁ» አለች።

ባለሱቁ ወንበሩን ከጥጉ አወጣ። «እንግዲያው ምስክር መጥቷል» አለ። «ይግቡ፣ ጋሼ።»