ጋሼና የቀለሉት ጨዋታዎች

ጋሼን ያወቅኋቸው አሜሪካ፣ ኮለምበስ ከተማ ዳር ኦቤትስ በሚባል ሰፈር ባለው የዕቃ ዌርሃውስ፣ ምሳ ብሬክ ላይ ነው። በዲቪ ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ሳንድዊቼን በአንድ እጄ ይዤ፣ ስልኬን የውሃ ፕላስቲክ ላይ አስደግፌ ጌም ከፍቻለሁ። ጎራዴ የታጠቀ ሰው ይሮጣል፣ ጭራቅ ይገድላል፣ ወርቅ ይለቅማል፣ ደግሞ ይሮጣል። እኔ ስክሪኑን አልነካሁትም። ጥግ ላይ «አውቶ» የምትለውን ቁልፍ አንዴ ከተጫኑ ሁሉንም ነገር በራሱ ይሠራል። ለካ አንድ ሰው ከኋላዬ ቆመው ያዩኝ ኖሯል።

«ወንድሜ፣ አሁን የሚጫወተው ማነው? አንተ ነህ ወይስ እሱ?» አሉኝ።

ዞር ስል ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት የሚነዱት፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ሐበሻው ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው ሰው ናቸው።

«ሌቨሌን እያሳደገልኝ ነው» አልኳቸው።

«አንተስ ምን ትሠራለህ?»

«ምሳዬን እበላለሁ።»

ሳቁና አጠገቤ ተቀመጡ። «ቅዳሜ ኦፍ ከሆንክ ቤት ና። ጌም ምን እንደሆነ ላሳይህ።»

የቀለዱ ነበር የመሰለኝ። ሃምሳውን የዘለለ፣ እሁድ ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰው የሚያስተናግድ ሰው ጌም ይጫወታል ብሎ ማን ያስባል? ቅዳሜ ግን ፒከሪንግተን የሚባል ሰፈር ያለው ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው፣ እትዬ፣ በሩን ከፍተውልኝ «እሱማ ጉድጓዱ ውስጥ ነው» እያሉ ከቤቱ ሥር ወዳለው ቤዝመንት መሩኝ። ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ጀርባው ያበጠ የድሮ ኮምፒውተር ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ ተዘርግተው የተለጠፉት የቁርስ ሲሪያል ካርቶኖች ናቸው። በነጩ ጎናቸው ተራራ፣ ወንዝ፣ ዋሻ ተስሎባቸው በአማርኛ ተጽፎባቸዋል።

«የየት አገር ካርታ ነው?» አልኳቸው።

«የትም የለም። ግን ከኮለምበስ መንገድ በፊት የለመድኩት ይሄንን ነው።»

ታሪኩን የነገሩኝ ኮምፒውተሩ እያቃሰተ እስኪነሳ ድረስ ነው። ከሱዳን በስደተኝነት ሲመጡ ወጣት ነበሩ፤ እንግሊዝኛ የላቸውም፤ ሆቴል ውስጥ ዕቃ ያጥቡ ነበር። ቤት የሚለቅ ጎረቤት ኮምፒውተሩን ጥሎላቸው ሄደ። ውስጡ የነበረው አንድ ሮል ፕሌይንግ ጌም ብቻ ነው፤ ማለትም አንድ ሰው ፈጥረህ፣ በዚያ ሰው ስም የማታውቀው አገር ውስጥ የምትኖርበት፣ የምትዋጋበት፣ የምትነጋገርበት ዓይነት። የዚህኛው ደግሞ አጫዋወቱ ከባድ ነው። ካርታ የለውም። መንገድ ላይ ሰው ስታገኝ ከታች ባዶ መስመር ይከፈትልሃል፤ የምትጠይቀውን ራስህ ታይፕ ታደርጋለህ። «ድልድይ» ብለህ ከጻፍክ፣ ሰውየውም የሚያውቅ ከሆነ፣ ከኮረብታው በስተቀኝ፣ የተቃጠለውን ወፍጮ አልፈህ ይልሃል። ፊደል ከሳትክ «አልገባኝም» ይልሃል። ጋሼ ድልድዩን እስኪያገኙ አንድ ክረምት ፈጅቶባቸዋል፤ መዝገበ ቃላት ይዘው።

«እንግሊዝኛን ያስተማረኝ እሱ ነው» አሉኝ። «ችግሩ የድሮ ነገሥታት እንግሊዝኛ ነው። አንድ ቀን ሥራ ጨርሼ ስወጣ ሱፐርቫይዘሬን ‹ፌርዌል› አልኩት፤ ለካ ለረጅም መለያየት የሚባል ስንብት ነው። ሰውዬው ሥራ የለቀቅሁ መስሎት እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ።»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት የእኔና የእሳቸው ሆነ። እኔም በተራዬ ላሳያቸው ብዬ፣ አዲስ የወጣና ሰው ሁሉ የሚያወራለት ጌም ይዤ ሄድኩ። መጀመሪያ ላይ እንደ ልጅ ተደነቁ። ሣሩ በነፋስ ሲተኛ፣ ወንዙ ፀሐይ ሲያርፍበት «እግዚኦ! ውሃው!» አሉ። እንዲህ እያልን አንዲት መንደር ደረስን። አንዲት ሴት ልጄ ጠፋብኝ ብላ ማልቀስ ስትጀምር፣ ገና ሳትጨርስ ስክሪኑ አናት ላይ ወርቃማ ቀስት ብቅ አለ።

«ይሄ ምንድነው?» አሉ ጋሼ።

«ልጇ ያለበትን የሚያሳይ ነው።»

«ሴትዮዋ እኮ ጠፋብኝ እያለች ነው። ያለበት ከታወቀ ምኑ ጠፋ?»

ቀስቱን አጥፋው አሉኝ፤ አጠፋሁት። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልረሳውም። ልጁን ለመፈለግ መንደሩን በሙሉ አዳረስን። ውሃ የምትቀዳዋ ስለ ዝናቡ ታወራለች። ጠባቂው ሥራ በዝቶብኛል ይላል። እናትየዋ ጋ ስንመለስ «እባክህ ልጄን አድንልኝ» ብላ ያችኑ ትደግማለች። ወደ ጫካ ይሂድ ወደ ወንዝ፣ አንድም ሰው አቅጣጫ አይነግረንም። ቀስት አለ ተብሎ፣ ለሰዎቹ የሚናገሩትን የጻፈላቸው አልነበረም። ከሰዓቱን ሙሉ ዞረን ልጁን ሳናገኝ ቀረን።

ጋሼ ግን አልለቀቁትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀስቱን አስመልሰው ሴትዮዋን ሊፈትኗት ፈለጉ። ለእሷ እንዲመረጡ ስክሪኑ ላይ የሚወጡት መልሶች ሦስት ናቸው። እሺ አሏት፤ አመሰገነቻቸው። እንደገና ጀምረው እምቢ አሏት፤ ትንሽ ለመነችና ቀስቱ መጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ጀምረው ክፉ ስድብ ሰደቧት። «ልበ ደግ መሆንህን አውቃለሁ» አለችና ቀስቱ መጣ።

መቆጣጠሪያውን አስቀመጡት። የተናደዱ ሳይሆን ያፈሩ ነበር የሚመስሉት። «እኔ ብኖርም ባልኖርም ያው ነው እኮ» አሉ።

እኔ ደግሞ ተቆጣሁ። «ጋሼ፣ እኔ ሳምንቱን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው። ቤቴ ገብቼ ድልድይ የት አለ እያልኩ ልጨነቅ እንዴ? የሚቀለኝን ነው የምፈልገው።»

«ሥራ ላይ እጅህ ላይ ያለው ስካነር ግራ ሲልህ ግራ፣ ቀኝ ሲልህ ቀኝ ትሄዳለህ። ቤትህም ገብተህ ያው ነው?»

 እውነታቸውን ነው፤ የእኔም ድካም ግን እውነት ነው። ይህን ክርክር ሁለት ዓመት ያህል ተከራከርነው። እሳቸው ጌም ሰውን ማመን ትቷል ይላሉ፤ እኔ ሰው ደክሞታል እላለሁ። ማናችንም አልተረታንም። እትዬ ከላይ ሆነው «እናንተ ሰዎች ተጣላችሁ እንዴ?» ይላሉ፤ እኛ እንስቃለን።

በሦስተኛው ክረምት፣ አንድ ጠዋት፣ ጋሼ ደጃፋቸውን በረዶ ሲጠርጉ ስትሮክ መታቸው። እትዬ በመስኮት ሲያዩ አካፋው ቆሟል፤ እሳቸው ወድቀዋል። እኔ የሰማሁት ሥራ ቦታ ነው። ሆስፒታል ስደርስ ዓይናቸውን ከፍተው ነበር፤ አወቁኝ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም አልወጣም። ቀኝ እጃቸው የሌላ ሰው ይመስል ጎናቸው ላይ ተጋድሟል።

ከሆስፒታል ሲወጡ የቀሯቸው ቃላት «እሺ» እና «አይ» ብቻ ነበሩ። በነገሥታቱ እንግሊዝኛ የተለማመዱት ሁሉ ሄደ፤ የእናታቸው ቋንቋም አብሮት ሄደ። ማንበብም ተሳናቸው። ንግግር የምታለማምዳቸው ቴራፒስት ሥዕል የሞላበት ታብሌት ሰጠቻቸው፤ ውሃ ሲፈልጉ የብርጭቆውን፣ ሲያማቸው ያዘነውን ፊት ይጫናሉ። ጋሼ ታብሌቱን ገልብጠው ያስቀምጡታል።

አንድ ቀን እትዬ ኮል አደረጉልኝ። «ና እስቲ አጫውተው። ካንተ ጋር ይስቅ የለ እንዴ? እኔ ጋ እኮ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ያያል።»

ሄድኩ። ኤርፖርቱ አካባቢ፣ ጋሃና በሚባል ሰፈር፣ ቢሮ የምትሠራው ሴት ልጃቸውም ነበረች። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። «ጀስት ፑት ኢት ኦን ኢዚ» አለችኝ፤ ቀላሉ ላይ አድርገው ማለቷ ነው። እንዳለችው አዲሱን ጌም ሳሎን ባለው ቴሌቪዥን ከፈትኩ። ሁሉን ነገር አቀለልኩት፤ ጠላት እንዳይገድላቸው፣ ጎራዴው ራሱ እንዲያነጣጥር፣ በግራ እጅ ብቻ እንዲሆን። ቀስቱንም መለስኩት። ያን ሁሉ ጊዜ የተከራከርንበት ነገር አሁን እንደ ዊልቼር መግቢያ ሆኖ ታየኝ። ለእኔ ድካም የተሠራው ለእሳቸው በር ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ለጥቂት ሳምንታት የሆነም መሰለ። ፈረስ ላይ ሲወጡ በሚታዘዛቸው በኩል ያለው ከንፈራቸው ፈገግ ይላል። እትዬ ከኩሽና ብቅ ብለው አይተው ይመለሳሉ። እኔ ለሥራ ጓደኞቼ ተሽሏቸዋል ብዬ አወራሁ።

አንድ እሁድ ከሰዓት ግን ልጇ የጠፋባት ሴትዮ ጋ ደረሱ። ሦስቱ መልሶች ወጡ። ጋሼ ማንበብ ስለማይችሉ አውራ ጣታቸው ያረፈበትን ተጫኑ። ስድቡ ነበር። ጌሙ ስድቡን በወፍራም ድምፅ ተናገረው። ሴትዮዋ «ልበ ደግ መሆንህን አውቃለሁ» አለች፤ ቀስቱ መጣ፤ ሙዚቃው ከፍ አለ።

ጋሼ ዞረው አዩኝ። ቃሉ ባይገባቸውም ድምፁ ስድብ መሆኑ ገብቷቸዋል። መቆጣጠሪያውን ጭናቸው ላይ አሳረፉት።

«አይ» አሉ።

«ከበደዎት፣ ጋሼ?»

«አይ።»

«ቀለለዎት?»

 በደህናው እጃቸው ቴሌቪዥኑን አመለከቱ፤ ከዚያ ደረታቸውን ነካ አደረጉ፤ ከዚያ መዳፋቸውን ባዶውን ዘረጉት። ገባኝ። ደህና እያሉ በቃል የነገሩኝን ነው አሁን በእጃቸው የሚነግሩኝ።

ቀጥሎ ወለሉን አመለከቱ። ቤዝመንቱን ማለታቸው ነው።

«አባዬ፣ ኖ» አለች ልጃቸው። እሳቸው ግን ለመነሳት መሞከር ጀመሩ። እትዬ «አውርዱት፤ እንዲያው ደስ ካለው» አሉ። ልጅቱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን፣ ደረጃውን አንድ በአንድ አወረድናቸው። ኮምፒውተሩ ተነሳ። የእሳቸው ሰው ጨዋታውን ካቆሙበት ቦታ፣ አንዲት መድኃኒት ሻጭ ፊት ቆሟል። ከታች ባዶው መስመር ይርገበገባል።

ግራ እጃቸውን ኪቦርዱ ላይ አሳረፉ። እኛ ከኋላ ቆመን ጠበቅን። ብዙ አሰቡ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። አንድ ፊደል ተጫኑ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ «ኤንተር» የሚለውን ቁልፍ።

«አልገባኝም» አለች ሻጯ።

እንደገና ሞከሩ። አልገባኝም። እኔ ጎንበስ ብዬ «ምን ልጻፍልዎት? ድልድይ? ንጉሥ?» አልኳቸው። እጄን ገፉት። በሥዕል እንኳ ሊነግሩኝ አልቻሉም፤ የፈለጉትን ነገር ያውቁታል፣ ስሙ ነው የጠፋው። ደጋግመው ሞከሩ፤ ሻጯም በትዕግሥት ያንኑ መለሰች። በመጨረሻ መዳፋቸውን ኪቦርዱ ላይ ጣሉት። መስመሩ በፊደል ክምር ሞላ። አልገባኝም አለች። ጋሼ እንዲያ ሲያለቅሱ ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም። ድምፃቸው ብቻ ደህና ነበር።

«በቃ፤ ይብቃው» አሉ እትዬ፤ ኮምፒውተሩንም ራሳቸው አጠፉት።

ከዚያ ወዲያ ጌም አልተከፈተም። ቀላሉ ሰውየውን እንደ ሻንጣ ይዞት ይሄዳል፤ ከባዱ ደጅ ላይ ይመልሰዋል። በመሐል ሌላ ይኖር እንደሆን ፈለግሁ፤ በየሳምንቱ የሆነ ነገር አውርጄ ሞከርኩ። አንዱ ቁልፉ ያንሳል፣ አንዱ ንባብ የለውም፣ አንዱ ለሕፃናት ነው። ጋሼ አንዴ አይተው ፊታቸውን ያዞራሉ። ሐኪሙም በመጀመሪያዎቹ ወራት ያልተመለሰ ንግግር በኋላ መመለሱ ያጠራጥራል ብሎ ነበር። ወራቱ አለፉ።

በበጋው ቤቱ ተሸጠ፤ ደረጃው አልሆነላቸውም። ልጃቸው አቅራቢያ፣ ጋሃና፣ ምድር ቤት ያለ አፓርትመንት ገቡ። ዕቃ ስናወጣ እኔም ነበርኩ። ኮምፒውተሩን ይዘኸው ሂድ ተባልኩ፤ ምን አደርገዋለሁ? ከተጣሉት ዕቃዎች ጋር ወጣ። ጋሼ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ወደ ሌላ በኩል ያዩ ነበር፤ ማየትና አለማየታቸውን አላወቅሁም።

ሥራ ቦታ አዲስ የመጡ ሐበሾች ጌም ማውራት ይወዳሉ። ጌም ዘንድሮ ቀለለ፣ ድሮ ቀረ፣ አይ የዘንድሮው ይሻላል እያሉ ይከራከራሉ። አንዳንዴ አንተስ ምን ትላለህ ይሉኛል። ድሮ ብዙ የምለው ነበረኝ።

ባለፈው እሁድ ጋሃና ሄጄ ነበር። ጋሼ መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፤ እሳቸው ቀና አይሉም። «ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ?» አልኳቸው። «እሺ» አሉኝ። ዝናቡ ጀመረ አልኳቸው። «እሺ» አሉ። ማንነቴን ማወቃቸውን ለማረጋገጥ ዓይናቸውን ብዙ አየሁት።

ሺፍቴ ደርሶ ስነሳ እትዬ እስከ በሩ ሸኙኝ። ጃኬቴን እያቀበሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ንግግሩ የሚመለስ ይመስልሃል?» አሉኝ።

«ይመለሳል፣ እትዬ» አልኳቸው።

አንገታቸውን ነቀነቁ። የጠየቁኝ ሊያምኑኝ አልነበረም፤ እኔም የመለስኩት አምኜ አልነበረም። በሩን ዘጉ፤ እኔ ወደ ኦቤትስ ነዳሁ።