የግራ ጆሮዬ ቂም

ሰሞኑን ልጄ አዲሱን ሄድፎኗን ጠረጴዛ ላይ ፈታትታ፣ «አባዬ፣ ድምፁ ስስ ስለሆነብኝ ላወፍረው ነው» ብላ፣ ስልኳ ላይ የሚያስተምር አንድ ፈረንጅ እያየች ጥጥ ስትጠቀጥቅበት፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑትን ሽቦዎች ጫፋቸውን በክብሪት ስትለበልብ፣ የተቃጠለው የሽቦ ቀለም ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና የልጅነቴን ደጃፍ አንኳኳ። እኔም በልጅነቴ፣ እዚሁ ደብረ ታቦር፣ ይህንኑ ሠርቻለሁ። እሷ የምትደክመው ለዘፈን ነው፤ እኔ የደከምኩት ለበቀል ነበር።

በእኛ አገር ቡሄ የከተማዋም በዓል ስለሆነ፣ ነሐሴ ሲገባ ጅራፍ የማይገምድ ወንድ ልጅ አልነበረም። የጎረቤታችን ልጅ ጌታነህ፣ በጥቂት ዓመት የሚበልጠኝ ትከሻ ሰፊ፣ ጅራፉን ሲያጮህ ጋፋት ድረስ ይሰማል እየተባለ ይወደስ ነበር። ውዳሴው ራሱን አዞረው። አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ፣ በበዓሉ ዕለት፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚት በሚውጥ ሜዳ ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ ከኋላዬ ተሹለክልኮ ሊያስደነግጠኝ ብሎ ግራ ጆሮዬ ሥር አጮኸው። ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሲስቁ አይቻለሁ፤ ሳቃቸውን የሰማሁት ግን ከአንድ ወገን ብቻ ነው።

እናቴ ለሽማግሌ ነገረች። ሽማግሌዎቹ ጆሮዬን ገልብጠው አዩ፤ ደም የለም፣ ቁስል የለም። ከዚያ አንደኛው ከጀርባዬ ቆመው ስሜን ጠሩ፤ እኔም ሞኙ «አቤት» አልኩ። በየትኛው ጆሮዬ እንደሰማሁ ማን ይጠይቅ! ይሰማል ተብሎ ተፈረደ፤ ጌታነህ ጉልበት ስሞ ተመረቀ፤ እኔም ይቅር በል ተብዬ ይቅር አልኩ። ከዚያ ወዲያ ስሜ በሰፈሩ «አስመሳዩ» ሆኖ ቀረ። እናቴ እንኳ ስትጠራኝ ዝም ካልኩ፣ ስትፈልግማ ትሰማ የለም ወይ ትለኝ ነበር። ከመደንቆሬ ይልቅ ያንገበገበኝ የሚያምነኝ ማጣቴ ነው።

ቤሩት ሰው ቤት የምትሠራው ታላቅ እህቴ፣ እታለም የምላት፣ በተከታዩ ጥምቀት ትንሽ ካሴት ማጫወቻ ከነሄድፎኑ ላከችልኝ። ካሴቱ ላይ፣ ክራሩ በቀኝ፣ ዘፋኟ በግራ የሚመጡበት አንድ ዘፈን ነበር። ለእኔ ዘፋኟ የለችም፤ ያለው ክራር ብቻ ነው። ሄድፎኑን በቢላ ጫፍ ከፍቼ፣ ሽቦዎቹን በክብሪት ለብልቤ፣ የግራውን ከቀኙ ጋር ቋጥሬ ሴትዮዋን ወደ ደህናው ጆሮዬ አመጣኋት። ድምፅዋን ስሰማ አለቀስኩ። ከዚያ ሰይጣን ሹክ አለኝ፤ መቼም ሹክ ያለኝ በቀኜ በኩል መሆን አለበት። ቋጠሮውን ፈታሁ፤ የግራውን ሽቦ በጠስኩ፤ እናቴ ከምትለብሰው ባና ሱፍ ነጭቼ፣ የቀለጠ የጧፍ ሰም አፍስሼበት፣ ግራው ማዳመጫ ውስጥ ጠቅጥቄ ዘጋሁት። የራሴን ጆሮ ሠራሁ ማለት ነው።

ጌታነህ ያን ዘፈን ራዲዮ ላይ እየሰማ ቃል በቃል ያውቀዋል። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እናቴና የሰፈሩ ልጆች ደጅ ላይ እያሉ፣ እስቲ እኔም ልስማው አለና ጎንበስ አለልኝ። አጠለቅሁለት። መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ቀጥሎ ግራውን በጣቱ መታ መታ አደረገው።

«ዘፋኟስ?» አለ።

«እኔም አልሰማትም። የቡሄ ለት አንተ ወስደሃታል።»

አውልቆ በእጁ እንደያዘ ቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው እንዴ?»

«ሁልጊዜ።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ቤት ገባች። ከዚያ ቀን ወዲህ አስመሳይ ያለኝ የለም፤ ጌታነህም ጅራፍ ሲይዝ አልታየም። ያ አመድ የመሰለ ፊቱ ትዝ ባለኝ ቁጥር እስከ ዛሬ ማር ማር ይለኛል። የንስሐ አባቴ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እያሉ ይገሥጹኛል። እሺ አባ እላለሁ፤ እያሳለኝ እኖራለሁ።

በቀሌን የተወጣሁ መስሎኝም ነበር። አምና እናቴ አልጋ ላይ ዋለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ደካማ እጇን አንስታ አንገቴን ወደ ራሷ ሳበችው፤ በድካሟ ዘንግታው ነው መሰል፣ ከንፈሯ ያረፈው ግራ ጆሮዬ ላይ ነበር። የትንፋሿ ሙቀት ተሰማኝ፤ ቃሏ ግን አልተሰማኝም። ፈጥኜ ቀኜን ሰጠኋት። አልደገመችውም።

ለቅሶዋ ላይ ጌታነህ፣ አሁን ሽበት የወረሰው ሰው፣ ድንኳኑን አቋርጦ መጣና በግራዬ ተቀመጠ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ፤ እሱ የትኛው ጆሮዬ እንደሆነ ረስቶታል። ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ በሹክሹክታ ረጅም ነገር ነገረኝ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ፣ እንባው ሲወርድ በዓይኔ ጠርዝ አየዋለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን በራሱ አፍ ይቅርታ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ምናልባት ያን ቀን ጠይቆኝ ይሆናል። አንገቴን ትንሽ ባዞር እሰማው ነበር።

አላዞርኩም።