ቸኮል በራሱ ስም የነፋው ጥሩምባ

ነፋስ ስልክ ውስጥ በጠዋት ከቸኮል ጋር ፊት ለፊት መገናኘት የሚወድ ሰው አልነበረም። ምን ያድርጉ! የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነው። ሌላው ሰፈር ሞትን በስልክ መልእክት መላላክ ከጀመረ ቆይቷል፤ የነሱ እድር ግን «ጥሩምባ ያልተነፋለት ሞት ሞት አይደለም» ብሎ ሙጭጭ ብሏል። ጎህ ሲቀድ ድምፁ ሲሰማ እናቶች አልጋቸው ላይ እንዳሉ «በስመ አብ! ደግሞ ማን ይሆን?» ይላሉ። ጎረቤቱ ቡዜ ደግሞ ሲወጣ ካየችው በሯን መልሳ ትዘጋለች። እሱ ገዳይ ይመስል!

ሰውየው ጉልበቱን የጨረሰው ፋብሪካ ውስጥ ጆንያ ሲሸከም ነው። ሲቀጠር «ለጊዜው» አሉት፤ ጊዜያዊ እንደሆነ ሸበተ። ጡረታ የለ፣ ሚስት የለ፣ ልጅ የለ። አሁን ወገቡ ከድቶታል፤ ከአልጋው ለመነሳት እንኳ ግድግዳ ይይዛል። አንዳንድ ቀን ሳይበላ ይመሽበታል፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አይልም።

ነገሩን የቆሰቆሰችው ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው ዶክተር ራኬብ ናት። የምታጠናው የሠራተኛውን ኑሮ ነው፤ ሰው ጉልበት እያለው ለእርጅናው ምን ያስቀምጣል የሚለውን። ደጁ ላይ ቁጭ ብላ ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ ለጡረታዎ ምን አስቀምጠዋል?»

«እድር አለኝ፣ ልጄ።»

«እድርማ ሲሞቱ ነው። እስኪሞቱ ድረስስ?»

ቸኮል ግድግዳውን ይዞ ተነሳ። እሷም አልፈረደችበትም፤ በሰፈሩ የጠየቀችው ሰው ሁሉ «እድር አለኝ» ነበር የሚላት።

ያ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳው። በማግስቱ የእድሩን ሊቀመንበር ሞልቱን ሄዶ ለመነ። «በቁሜ እርዱኝ። ወገቤ አልቻለም፤ ቁራሽ የሚያቀብለኝ የለም።»

«ወንድሜ፣ እድር ለሞተ ነው። ደንቡ አይፈቅድም» አለው ሞልቱ። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ደንብ ደንብ ነው ብሎ ነው።

በሳምንቱ ጎህ ሲቀድ ጥሩምባው ተነፋ።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ቸኮል አርፏልና ለቀብር ውጡ!»

ድምፁ የራሱ የቸኮል ነው። ጉድ እኮ ነው! አንድም ሰው «ታዲያ ማነው የሚጣራው?» አላለም። ጥሩምባው ከተነፋ ሞቷል፣ አለቀ።

ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተጣደ፣ ሴቶች እያለቀሱ መጡ። ቸኮል ደጁ ላይ ተቀምጧል። ሞልቱ ሲያየው ክው አለ። ግን የተተከለ ድንኳን ሦስት ቀን ሳይሞላው አይነቀልም፤ ይኸም ደንብ ነው። ሄዶ ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ሌላውም ተከተለው።

ሦስቱንም ቀን መገቡት። ቡዜ ሳትቀር ወጥ በሳህን አምጥታ ፊቱ አኖረች። እሱም ጠግቦ በላ፤ የራሱን ንፍሮ ቃመ። እንዲያ ሰው ከቦት አያውቅም፤ ደስ አለው፣ ምን ይዋሻል! የሚያናግረው ግን አልነበረም። እያዩት ስለ እሱ ያወራሉ፤ «ደግ ነበር ምስኪን!» «በሕይወት እያለ አንድ ቀን እንኳ ብንጠይቀው!»

«አለሁ እኮ!» ብሎ ጮኸ። ሴቶቹ ለቅሷቸውን ጨመሩ።

ራኬብም መጥታ ነበር። ደንግጣ ወደ እሱ ስትሮጥ ሴቶቹ እጇን ይዘው መሃላቸው አስቀመጧት፤ ቆየት ብላ እሷም አቀርቅራ አለቀሰች።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነቀል ቸኮል ፍርሃት ፍርሃት አለው። የሞልቱን ክንድ ያዘ።

«ነገስ ማን ይመጣል?»

ሞልቱ መሬት መሬቱን እያየ፣ «እድር አንድን ሰው ሁለት ጊዜ አይቀብርም» አለ፤ ክንዱንም ቀስ ብሎ አስለቀቀ።

ሰው ተሰልፎ እየጨበጠው ወደየቤቱ ሄደ። ቡዜ መጨረሻ ላይ መጣች። እጁን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ፣ «እግዜር ያጥናህ» አለችው።