አባቴ የተጨበጨበላቸው ዕለት

ጣሊያን ሀገር ኮኞሜ የሚሉት ነገር አለ፤ ዘር ማንዘሩ ሁሉ የሚጠራበት የቤተሰብ ስም መሆኑ ነው። እኛ ደግሞ የለንም። የራስሽ ስም፣ ቀጥሎ የአባት፣ ቀጥሎ የአያት፣ አለቀ። ይሄን ለጣሊያን ማስረዳት ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። መጀመሪያ ስመጣ ወረቀቴን የሞላው ሰውዬ ሦስቱን ስሞች አየና የመጨረሻውን፣ የአያቴን፣ ኮኞሜ አደረገው። የአባቴ ስም መሀል ላይ ተንጠልጥሎ ቆየና በኋላ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ፔርሜሶዬ፣ ሲታደስ ጭራሹን ጠፋ። ወረቀት ያገኘ ሰው አፉን ይዘጋል። ልጄ ስትወለድ አባቷ እብስ ብሎ ስለነበር በእኔ ኮኞሜ ተመዘገበች። ሮም፣ ቶር ፒኛታራ ሰፈር ያለው የቤታችን ደወል ላይ ሳይቀር የተጻፈው የአያቴ ስም ነው።

አያቴ! ያ ሰውዬ አንቱታ አይገባውም። አባቴንና ታላቅ እህታቸውን ገና በልጅነታቸው ከነእናታቸው ጥሎ ሄዶ ሌላ ሀገር ሌላ ትዳር የመሠረተ፣ ዞር ብሎም ያላያቸው ሰው ነው። አባቴ ስሙን ከስማቸው ቀጥሎ ዕድሜ ልካቸውን ተሸክመውታል፣ ምን ያድርጉ። ከአፋቸው ሲወጣ ግን ሰምቼ አላውቅም። እኛን ልጆቻቸውን ሲመርቁን «ስሜን አስጠሩልኝ» ነበር የሚሉት።

የአያቴ ስም ደግሞ የትም የሞላ ነው፤ መርካቶ መሀል ቆመሽ ብትጣሪ ግማሹ ገበያ «አቤት» ይላል። ከባለስሞቹ ታዋቂ ሯጭ አለ፣ ዘፋኝ አለ፣ ሚኒስትር የነበረም አለ። ጣሊያኖቹ ሯጩን በቴሌቪዥን ባዩ ቁጥር «ዘመድሽ ነው አይደል?» ይሉኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ አስረዳ ነበር። በኋላ ታከተኝና ፈገግ ማለት ጀመርኩ፤ ፈገግታዬን እንደፈለጉ ይተርጉሙት። እውነቱን ልናገርና ደስም ይለኝ ነበር። የሰው ደረጃ የምታጥብ ሴት የጀግና ዘመድ ነሽ ስትባል ምን ይከፋታል!

አባቴ ሊጠይቁን ሮም በመጡ ጊዜ በልጄ ትምህርት ቤት ዝግጅት ነበር። መምህሯ እያንዳንዱ ልጅ ኮኞሜውን የሚጋሩ ታዋቂ ሰዎችን ፎቶ ትልቅ ወረቀት ላይ እንዲለጥፍ፣ ቤተሰብም መጥቶ እንዲያይ ነግራቸዋለች። ልጄ ሯጩን ከነሜዳሊያው፣ ዘፋኙን ከነማይክሮፎኑ፣ ሚኒስትሩን ከነከረባቱ ለጥፋ፣ ከሁሉም በላይ የአያቴን ስም በወርቅማ ቀለም ጽፋዋለች። አባቴ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። የፈረንጅ ፊደል ቀስ ብለው ያነባሉ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«ይሄ ስም እዚህ ምን ይሠራል?» አሉኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው።

«የልጅቷ ስም ነው፣ አባባ። እዚህ ሀገር የምንጠራው በሱ ነው።»

«እኔስ?»

«እርስዎማ... መሀል ላይ ነበሩ።»

ምን ልበል ታዲያ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የልጄ ተራ ሲደርስ መምህሯ ወደ አባቴ ዞረች። ይህን የመሰለ ታላቅ ስም ያለው ቤተሰብ አያት መሆን ምን ስሜት እንዳለው ይንገሩን አለች፤ እኔን ደግሞ አስተርጉሚ። ጥያቄውን ለአባቴ ነገርኳቸው፣ ያውም በትክክል። ተነሡ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ተናገሩ ተብሎ ሲነሣ የሚጠበቀው ምርቃት ነው፤ እኔም አሜን ለማለት ነበር የተዘጋጀሁት።

«ንገሪያቸው» አሉ። «እነዚህ ሰዎች ጎበዞች ናቸው፣ ግን ዘመዶቻችን አይደሉም። የዚህ ስም ባለቤት አባቴ ነው። ልጅ ሆኜ ጥሎኝ ሄደ። ትምህርት ቤት መምህሩ ስሜን ከነአባቴ ሲጠራ ልጆቹ ይስቁብኝ ነበር፤ ታሪኩን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ዕድሜዬን ሙሉ እኔ ነኝ ያፈርኩለት። ዛሬ የልጅ ልጄ ፊት ልናገረው፤ ጥፋቱ የእኔ አልነበረም።»

አዳራሹ የእኔን አፍ ይጠብቃል። ያ ሁሉ ዘመን ፈገግ እያልኩ ያሞኘሁት ሰው፣ ጎረቤቱ፣ ቤቷን የማጸዳላት ሴትዮ ሳትቀር እዚያ አለች። ልጄ ከወረቀቷ አጠገብ ቆማ በኩራት አንገቷን ቀና አድርጋለች።

«አሎራ...» ብዬ ጀመርኩ፤ «እንግዲህ» እንደ ማለት ነው። ከዚያ በጣሊያንኛ፣ «አባቴ ሁሉም ዘመዶቻችን ናቸው ይላሉ። በዚህ ስም እንኮራለን ይላሉ። እግዚአብሔር ልጆቻችሁን ይባርክ ይላሉ» አልኩ።

ሰዉ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ። አባቴ መጀመሪያ ግራ ገባቸው። ዙሪያውን አዩ፣ የቆመውን ሰው ሁሉ አዩ፣ ከዚያ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ወደ ቀኝም ወደ ግራም እጅ ነሡ። አባቴ በእናቴ ቀብር ላይ እንኳ ሲያለቅሱ አላየሁም።

ልጄ አማርኛ ትሰማለች፤ አያቷን ግን ኖኖ ነው የምትላቸው። መጥታ ቀሚሴን ጎተት አደረገችና «ማማ፣ ኖኖ እንደዚህ አላሉም እኮ» አለችኝ።

«ዝም በይ» አልኳት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በልጄ ፊት አፍሬ አላውቅም።

በማግስቱ አባቴ እህታቸው ዘንድ አዲስ አበባ አስደወሉኝ። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ይጮኻሉ። «ሰማሽ ወይ እቴ! በዚያ ሁሉ ፈረንጅ ፊት ቆሜ የአባታችንን ነገር ሳልደብቅ ተናገርኩ። ተነሥተው አጨበጨቡልኝ! እንዴት እንደቀለለኝ ብታይ!» አክስቴ ከወዲያ እልል ስትል እኔ ድረስ ተሰማኝ።

ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጉልኝ።

«እንኪ፣ አንቺም አናግሪያት» አሉኝ፤ ለእህታቸውም ጮክ ብለው፣ «እሷ ናት ያስተረጎመችልኝ። ትባረክ፣ አንዲት ቃል አላስቀረችም።»