ደግፌ ሳይሞት የተተከለው ድንኳን

ማኑሄን የማያውቅ ካለ ልንገረው፤ ኮልፌ አጠና ተራ ጀርባ ሃያ ስድስት ዓመት አጥር ለአጥር የኖርን ጎረቤቴ ናት። እኔ ወለተጻድቅ እባላለሁ። የማወራው የእሷን ነገር ነው፤ ግን መሃል ላይ የእኔም ጥፋት ስላለበት ከሌላ ሰው አፍ ተጣሞ ከምትሰሙት ከእኔው ብትሰሙት ይሻላል። ሰፈሩ እንደሆነ የራሱን ጨማምሮበታል።

ማኑሄ ከጉራጌ አገር ሙሽራ ሆና ስትመጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ባሏ ደግፌ አጠና ነጋዴ ነው። ባህር ዛፉ በአይሱዙ ተጭኖ ይመጣለታል፣ ያራግፋል፣ በርዝመትና በውፍረት ለይቶ ያቆማል፤ ቤት የሚሠራውም አጥር የሚያጥረውም ከሱ ይገዛል። እሷ ከአጠናው ጎን ቆጮና ቅቤ ትሸጣለች። ሁለት ሰው ሆና የምትሠራ ሴት ናት። ጴንጤ ናት። እኔ ደግሞ ማርያምን ሳልሳለም ውዬ የማላድር ኦርቶዶክስ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ስትጸልይ ድምፅዋ አጥሩን አልፎ እኔ ጓሮ ይገባል።

«ማኑዬ፣ ጌታሽ ጆሮው ደህና ነው እኮ! ምን እንዲህ ያስጮህሻል?» እላታለሁ።

«እሱማ ይሰማል፣ እትዬ። የምጮኸው እርስዎ እንዲሰሙ ነው» ትለኛለች። እንዲህ እየተባባልን ነው የኖርነው።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ደግፌ ጭነት ሲያራግፍ፣ ገመዱ ገና ከመላላቱ አጠናው ተንሸራቶ ወረደና አንዱ ራሱን መታው። ደም እንኳን ብዙ አልፈሰሰም። ግን ወደቀ፣ አልነቃም። ሆስፒታል ገባ፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ዶክተሩ ደግ ሰው ነው፤ ማኑሄን አስቀምጦ ሳይሸፋፍን ነገራት። «የምንችለውን አድርገናል፣ እናቴ። ሊነቃ ይችላል፣ ላይነቃም ይችላል። አሁን የሚያስፈልገው ክትትልና ጊዜ ነው» አላት።

የመጀመሪያውን ሳምንት ማኑሄን ብታዩዋት! ከልጇ ከሳያት ጋር እየተፈራረቀች ታስታምማለች፣ ቤት ስትመጣ ደግሞ «ይነሳል እትዬ፣ ጌታ ያነሳዋል» ትለኛለች፤ የምትለምን ሳይሆን የተነገራትን የምታወራ ነበር የምትመስለው። ሁለተኛው ሳምንት ጸሎቷ አጠረ። ሦስተኛው ላይ ከአጥሩ ወዲያ ምንም አልሰማ አልኩ። ስትጮህ የምቀልድባት ሴትዮ ዝም ስትል አጥሩ ሥር ቆሜ ጆሮዬን እደቅን ጀመር።

ጠያቂውም ቢሆን አላገዛትም። የእኛ ሰው በሽተኛ መጠየቅ ይወዳል፤ አፉን መያዝ ግን አልፈጠረበትም። አንዷ ትመጣና «የአጎቴም ልጅ ልክ እንዲህ ሆኖ ነበር፣ በሁለት ወሩ አረፈ» ትላታለች። ሌላዋ «እንዲህ ከሚሰቃይስ...» ብላ ትተነፍሳለች። ይሄ ምን የሚሉት ማጽናናት ነው? እኔም አንድ ሁለቴ እንዲህ ብያታለሁ፣ አልዋሽም።

ከዚያ መሸሻ ከገጠር መጣ፣ የደግፌ ታላቅ ወንድም። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንድሙን ስለሚወድ ነው። «ሰው አገር አይሙትብኝ። አባቱ በተቀበረበት ይረፍ። ነፍሱ ሳትወጣ አገሩ እናግባው» እያለ ሳምንት ሙሉ ጎተጎታት። በሠላሳ አንደኛው ቀን ማኑሄ ተሸነፈች፤ ፈርማ ልታስወጣው፣ መኪና ተከራይታ ልትወስደው ተስማማች። ይሄን ግን ያኔ እኛ ጎረቤቶቿ አላወቅንም። ብናውቅ ኖሮ የሆነው ሁሉ ባልሆነ።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ በሬ ላይ ሽንኩርት ስገዛ ማኑሄ ከታክሲ ወርዳ ስትመጣ አየኋት። ብቻዋን ናት። የደግፌን ብርድ ልብስ ተሸክማለች፣ ጫማው በፌስታል ተንጠልጥሏል። ነጠላዋን ዘቅዝቃለች፣ ጥለቱ ወደ ላይ። ነጠላ የሚዘቀዘቀው ደግሞ ለሐዘን ነው፣ ሕፃን ያውቀዋል። ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። ዕቃውን ቤት አስገባች፣ በሩን ቆለፈች፣ ወደ አየር ጤና የሚሄድ ታክሲ ይዛ ሄደች።

በቃ፣ አለቀ አልኩ። ሳያት ጋ ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ልጆቼ እስከ ዛሬ «ታዲያ ለምን ራሷን ማኑሄን አልጠየቅሻትም?» ይሉኛል። ነጠላዋን የዘቀዘቀች ሴት «ባልሽ ሞተ ወይ?» ተብላ ትጠየቃለች እንዴ? በስመአብ! እሱን የሚጠይቅ አፍ የለኝም። ያለኝ አፍ የሚጮህ ነው፣ ጮህኩ። «ወይኔ ደግፌ! ወይኔ ወንድሜን!» አልኩ፣ ሰፈሩም ግር ብሎ ወጣ።

የዕድራችን ሊቀመንበር አቶ ዘርዓብሩክ የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ ሞት ሲሰሙ ደቂቃ አያባክኑም። ጥሩምባ አስነፉ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ ማኑሄ በር ላይ ቆመ፣ አግዳሚው ተደረደረ፣ ንፍሮው ተጣደ። ባለሱቁ ኢብራር ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ካስማ ሲመታ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። እኔ መሃል ገብቼ ደረቴን እየመታሁ አስለቅሳለሁ። ያን ቀን ያለቀስኩትን ያህል ለገዛ ወንድሜም አላለቀስኩ።

ሰባት ሰዓት ላይ አንድ ሚኒባስ መጥቶ ድንኳኑ ጫፍ ላይ ቆመ። ማኑሄና መሸሻ ወረዱ፤ ለካ አየር ጤና ሄደው መኪና ተከራይተው ስንቅ ሊይዙ ነበር የመጡት። ድንኳኑን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ።

«መቼ?» አለች። «መቼ ነው? ሲተነፍስ ትቼው ነው እኮ የመጣሁት! ማን ደወለላችሁ?» መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ።

«አንቺ... አንቺ አይደለሽም እንዴ ዘቅዝቀሽ የመጣሽው?» አልኳት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄ ጠፋኝ።

ማኑሄ ጎንበስ ብላ ነጠላዋን አየችው። ከሆስፒታል ስትወጣ እንዴት እንዳጣፋችው እንኳን አታውቅም ነበር። ሳያት ጋ ደወለች፤ ዝግ ነው። ከደግፌ ጎን የተኛውን በሽተኛ የሚያስታምመው ሰውዬ ጋ ደወለች። ስፒከሩን ከፈተችው። የሰውዬው ድምፅ ለሁላችንም ተሰማ።

«እንዳለ ነው፣ እህቴ። ይተነፍሳል። ልጅሽም አጠገቡ ናት፣ ስልኳ ባትሪ ጨርሶባት ነው።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! ማኑሄ ብድግ አለች። ያንን ያህል ስትቆጣ አይቻት አላውቅም።

«ማን ሞቶ ነው የምታለቅሱት?» ብላ ጮኸች። «እግዚአብሔር ያልወሰደውን ሰው እናንተ ማን ናችሁና ትወስዱታላችሁ? ባሌ እየተነፈሰ ንፍሮውን ትበላላችሁ?»

እውነቷን ነዋ። እሷ ገና ብዙ ልትለን ነበር፤ ግን ዞር ስትል ያመጣችውን ሚኒባስ አየች። የኋላ ወንበሮቹ ተነቅለው ፍራሽ ተነጥፎበታል። ቆማ አየችው፣ አየችው፣ ከዚያ ድምፅዋ ወረደ።

«እናንተን ምን እላለሁ?» አለች። «እናንተስ የሞተ መስሏችሁ ነው። እኔ መኖሩን እያወቅኩ ልቀብረው መኪና ተከራየሁ። ነጠላውንስ ማን ዘቀዘቀው? እኔው ነኝ። ተስፋ ከቆረጥኩ ሰንብቻለሁ፣ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ።»

መሸሻ ጠጋ አለና «ማኑሄ፣ እግዚአብሔርን አትፈታተኚ። ይኸው ሠላሳ አንድ ቀን ጠበቅን። ነይ፣ ሹፌሩ እየጠበቀ ነው» አላት።

«አልፈታተነውም፣ ጋሼ መሸሻ። አልቀድመውም ነው የምልዎት። ሊወስደው ከፈለገ የተኛበትን ያውቃል፣ የእኔ ሚኒባስ አያስፈልገውም። እስኪወስደው ድረስ ግን ባሌ ሐኪም ካለበት አይነሳም።» ወደ ሹፌሩ ዞረች። «ሂድ ወንድሜ፣ አደከምኩህ፣ ይቅርታ አድርግልኝ።»

ነጠላዋን አውልቃ አራገፈችና አቃንታ አጣፋችው። ከዚያ ድንኳኑ መሃል፣ እኔ ደረቴን ስመታበት የነበረው ቦታ ላይ ተንበረከከች። «ጌታ ሆይ፣ ደክሞኛል» አለች። «የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጸልዬ ጨረስኩ። በእኔ ዘንድ አልቋል፣ በአንተ ዘንድ ግን አላለቀም። ደግፌንም እኔንም ያዘን።» ሌላ ብዙ አላለችም። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ለእሷ ጸሎት አሜን ብዬ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ከሁሉም ቀድሜ አልኩ።

አሜን ሳይሉ የቀሩት አቶ ዘርዓብሩክ ናቸው። ደንቡን የያዘውን ደብተር አቅፈው ተጨንቀው ቆመዋል። «ድንኳን አንዴ ከወጣ ሦስት ቀን ይቆማል ይላል ደንባችን። ሟች ከሌለ ምን እንደሚደረግ ግን አልተጻፈም» አሉ።

«ይቁማ!» አለች ማኑሄ። «ሦስት ቀን ሊያለቅስ የመጣ ሰው ሦስት ቀን ይጸልይልኝ። ንፍሮውንም ብሉት፣ አይጣልም።»

እንዲህ ያለ ድንኳን ኮልፌ አይቶ አያውቅም። ጠዋት እኛ ዳዊት እንደግማለን። ከሰዓት የእሷ ቤተክርስቲያን ሰዎች ከቤቴል መጥተው ይዘምራሉ። ኢብራር ጥግ ይዞ በራሱ ዱዓ ያደርጋል። መርዶ ሰምቶ ከሩቅ እያለቀሰ የሚመጣም ነበር፤ እኔ ቅጣቴ ሆኖ በር ላይ ቆሜ «አልሞተም፣ አይለቀስም፣ ግቡና ጸልዩ» ስል እውላለሁ። አንዱማ «ታዲያ ለምን ከሰበታ ድረስ አስሮጣችሁኝ?» ብሎ ተቀየመኝ። ምን ልበለው? ስላልሞተ ይቅርታ ልበለው?

እሁድ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ድንኳኑ ተነቀለ። ደግፌ እንዳለ ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔ በሦስተኛው ቀን ይነቃል ብዬ ልቤን ጥዬ ነበር። ያን ያህል ሰው ጸልዮ እንዴት ዝም ይባላል ብዬ ተናደድኩ፣ በማን እንደተናደድኩ እግዜር ይወቀው። ማኑሄን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ። እሷ ግን ሰኞ ጠዋት ድምፅዋ አጥሩን አልፎ ቀሰቀሰኝ። ጸልያ ስትጨርስ ለሳያት ቁርስ ቋጥራ ወጣች። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕም እንዲሁ።

«እንዴት ቻልሽው፣ ማኑዬ?» አልኳት አንድ ቀን መንገድ ላይ።

«አልቻልኩትም፣ እትዬ። ተሸክሞኝ ነው» አለችኝ። ይሄን ስትል ፊቷ ላይ የመጀመሪያው ሳምንት ጉራ የለም። ረጋ ብላለች።

ሆስፒታል ደግፌ ጆሮ ሥር ቁጭ ብላ ትጸልያለች፤ ከዚያ የአጠና ተራን ወሬ ትነግረዋለች፣ ስንት መኪና እንደገባ፣ ማን ከማን እንደተጣላ። መሸሻም አገሩ አልተመለሰም። አኩርፎም ቢሆን የወንድሙን ቦታ ይዞ አጠና ይሸጣል።

በአርባ ሦስተኛው ቀን እኔም ልጠይቀው ሄጄ ነበር። ማኑሄ እንደ ልማዷ ታወራለታለች። «ጋሼ መሸሻ ደግሞ ትናንት ጉድ ሠሩ» አለችው። «ያንን ለፎቅ ሥራ ብለህ የለየኸውን ረጃጅሙን አጠና አጥር ለሚያጥር ሰው ከመሃል ከመሃሉ አስቆረጡት።»

የደግፌ ግንባር ተኮማተረ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሁላችንም ጎንበስ አልን።

«ለምን?» አለ።

ዓይኑን ሳይከፍት፣ ቆጣ ብሎ! ማኑሄ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ እጁን ትስማለች። ሳያት ነርስ ልትጠራ በረረች። እኔማ እልልታዬን አቀለጥኩት፤ ነርሷ መጥታ «እማማ፣ እዚህ ሌሎች በሽተኞች አሉ» ብላ በር እስክታሳየኝ ድረስ አላቆምኩም።

አሁን ደግፌ በከዘራ ይሄዳል፣ ግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል። አጠናው ሥር ወንበር አስቀምጦ ታላቅ ወንድሙን ሲያዝዝ ይውላል። እኔን ሲያይ «እትዬ፣ ለቅሶዬ ላይ ብዙ ሰው ነበር አሉ?» ይለኛል። «መንገድ ተዘግቶ ነበር። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ለቅሶ አታገኝም፣ አርፈህ ኑር» እለዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ሆዴ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ባለፈው ሳምንት ቆጮ ልገዛ ሄጄ ማኑሄን ጠየቅኋት።

«ማኑዬ፣ አትቀየሚኝና፣ ባይነቃስ ኖሮ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደዚያ ብለሽ፣ ቢሞትብሽ ኖሮ ምን ትይ ነበር?»

ቆጮውን መጠቅለሏን አላቆመችም። «አለቅስ ነበራ፣ እትዬ። አቶ ዘርዓብሩክ ድንኳናቸውን ይዘው ይመለሱ ነበር፣ እኔም እየጮህኩ ባሌን እቀብር ነበር» አለች። ጠቅልላ ሰጠችኝና ዓይኔን አየችኝ። «ከዚያ ጠዋት ተነስቼ ያንኑ ጌታ እጠራ ነበር። ሌላ ማንን አውቃለሁ?»